ሞነንሲንን ካቆሙ በኋላ፦ የዕፅዋት የመኖ ጭማሪዎች ለሥጋ ከብት ምን ይሠራሉ?

የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ «40 ወይፈኖችን በጋጣ ይዤ አደልባለሁ። ሲገቡ አማካይ ክብደታቸው 300 ኪሎ ነው። እስካሁን በመኖው ላይ ሞነንሲን የተባለውን መድኃኒት እጨምር ነበር፤ ከብቱን የሚረከበኝ ድርጅት ግን ከእንግዲህ በመኖው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያላገኘ ከብት ብቻ እንደሚወስድ አስታወቀኝ። የነጭ ሽንኩርት ዱቄት፣ አብሽ፣ እንዲሁም የጦስኝና የቅርንፉድ ዘይት ድብልቅ ተመሳሳይ ውጤት እንደሚሰጡ ሻጮች ይነግሩኛል። እውነት ነውን? የትኛውን፣ በምን ያህል መጠን ልስጥ?»

ከመግዛትዎ በፊት በመጠየቅዎ አመሰግናለሁ፤ ብዙ አድላቢዎች ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ከረጢቱ መጋዘን ከገባ በኋላ ነው። ቀጥተኛው መልስ እንዲህ ነው። ከጠቀሷቸው ዕፅዋት አብዛኞቹ በከብት ጨጓራ ውስጥ እውነተኛ ሥራ ይሠራሉ፤ ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱም ሞነንሲን የሚሠራውን ሁሉ በእርሱ ልክና በእርሱ አስተማማኝነት አይሠራም። ስለዚህ «የትኛው ተክል ሞነንሲንን ይተካል?» ብለው ከሚነሡ ይልቅ «ሞነንሲን ሲወጣ ከሥራዎቹ መካከል የትኛው ይጎድለኛል?» ብለው ቢነሡ ገንዘብዎን የት ማዋል እንዳለብዎ ቶሎ ይታይዎታል። አንዳንዱን ጉድለት ተክል ይሞላዋል፤ አንዳንዱን ግን የሚሞላው የእርስዎ የመኖ አሰጣጥ ብቻ ነው።

ከብት የበላውን መኖ መጀመሪያ የሚያብላሉለት ባለሙያዎች ሩመን በሚሉት ትልቁ ጨጓራው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ ፕሮቶዞአዎችና ፈንገሶች ናቸው። እነዚህ ሕዋሳት ድርቆሹንና እህሉን አብላልተው አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የተባሉ አሲዶችን ያወጣሉ፤ ከብቱ የሚኖረውም የሚደልበውም በአብዛኛው ከእነዚህ አሲዶች በሚያገኘው ጉልበት ነው። በመብላላቱ ሂደት የሚወጣው ሃይድሮጂን ወደ ሚቴን ጋዝ ተለውጦ በግሳት ሲወጣ፣ ከመኖው ጠቅላላ ጉልበት ከ2 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው አብሮት ይሄዳል፤ ብክነቱ እህል በበዛበት መኖ ወደ ታችኛው፣ ገለባና ድርቆሽ በበዛበት መኖ ደግሞ ወደ ላይኛው ጫፍ ያዘነብላል። ሞነንሲን ሃይድሮጂንና ላክቲክ አሲድ አምራች የሆኑትን ባክቴሪያዎች ስለሚያዳክም ፕሮፒዮኔት ይበዛል፣ ሚቴንና ላክቲክ አሲድ ይቀንሳሉ፣ ፕሮቲንም ወደ አሞኒያ እየተለወጠ መባከኑ ይረግባል። በዚህ ላይ ከብቱ ብዙ መኖ በአንድ ጊዜ ከመዋጥ ይልቅ ጥቂት ጥቂት እያለ ደጋግሞ እንዲበላ ያደርገዋል፤ ኮክሲዲያ የተባለውን የአንጀት ተውሳክም ይከላከላል። በብዙ ሙከራዎች ድምር የታየው ውጤቱ የመኖ አጠቃቀምን ወደ 6 በመቶ ማሻሻል ነው፤ ይህም የሚሆነው የሚበላው መኖ 3 በመቶ ያህል ሲቀንስ የዕለት ዕድገቱ ደግሞ 2.5 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ነው። ለብዙ ዓመታት የተፈተነው መድኃኒት ያመጣው ለውጥ ይህን ያህል ከሆነ፣ አንድ ከረጢት የቅጠል ዱቄት ዕድገትን በ20 በመቶ ያሳድጋል የሚልዎን ሻጭ ማስረጃ መጠየቅ መብትዎም ግዴታዎም ነው።

ከጠቀሷቸው መካከል ለሞነንሲን በአሠራር የሚቀርቡት መዓዛማ ዘይቶች ናቸው። በጦስኝ ውስጥ ቲሞል፣ በኦሬጋኖ ውስጥ ካርቫክሮል፣ በቅርንፉድ ውስጥ ዩጂኖል፣ በቀረፋ ውስጥ ሲናማልዲሃይድ የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ ውኃን ሸሽተው ስብን ስለሚፈልጉ በባክቴሪያው ሽፋን ውስጥ ሰርገው ይገባሉ፤ ሽፋኑ ሲላላ በውስጡ ያለው ማዕድን ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ባክቴሪያውም ለመራባት ሊያውለው የሚገባውን ጉልበት የፈሰሰውን በመመለስ ይጨርሰዋል። በተለይ ፕሮቲንን በፍጥነት ወደ አሞኒያ የሚለውጡት ጥቂት የባክቴሪያ ዓይነቶች ለዚህ ጥቃት የተጋለጡ ናቸው። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ የእነዚህ ዘይቶች ኃይል በጨጓራው አሲድነት ላይ ይወሰናል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ወደ 5.5 ሲወርድ፣ ማለትም ከብቱ ብዙ እህል ሲበላ፣ ሥራቸው ይበረታል፤ ድርቆሽ በሚበላና ፒኤቹ ወደ 7 በሚጠጋ ጨጓራ ውስጥ ግን ያው ዘይት በያው መጠን ብዙም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ የሚያሳይዎት ውጤት ድርቆሽ ከምትበላ የወተት ላም የተገኘ ከሆነ ለእርስዎ ወይፈኖች ብዙ አይነግርዎትም።

የመጠን ጉዳይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። በቤተ ሙከራ ግልጽ ለውጥ የታየባቸው መጠኖች ብዙውን ጊዜ በአንድ ሊትር የጨጓራ ፈሳሽ ከ300 እስከ 3000 ሚሊግራም ናቸው። የአንድ ወይፈን ጨጓራ 50 ሊትር ፈሳሽ ይይዛል ብለን ብንነሣ፣ ያንን ውጤት ለመድገም በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ15 እስከ 150 ግራም ንጹሕ ዘይት ማጠጣት ይኖርብናል ማለት ነው። በተግባር ለአንድ ከብት በቀን የሚሰጠው ከግማሽ እስከ 2 ግራም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ከብቱ መኖውን መተው ይጀምራል። ይህንን በዓይኔ ያየሁት ከዓመታት በፊት ነው። የቅርንፉድ ዘይት ለአንድ ከብት 5 ግራም እንዲደርስ አድርገን የደባለቅንበት መኖ ሲቀርብላቸው ወይፈኖቹ ወደ ገንዳው ጎንበስ አሉ፣ በኃይል አሸተቱ፣ በምላሳቸው አፍንጫቸውን ላሱ፤ ከዚያም አንድ በአንድ ዘወር ብለው ከጎናቸው ያለውን ደረቅ ገለባ መብላት ጀመሩ። በማግሥቱ ጠዋት ከገንዳው የሰበሰብነው የተረፈ መኖ ከቀረበው ግማሽ ይሆን ነበር። ዕድገትን ለመጨመር የታሰበ ነገር የአንድ ቀን ዕድገት አስቀረብን። በሌላ በኩል ጥቂት መጠን ስንሰጥም ሌላ ችግር አለ፤ የጨጓራ ባክቴሪያዎች ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ከዘይቱ ጋር ይላመዱና በመጀመሪያው ሳምንት የታየው ለውጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። ለአሥር ቀን ብቻ የተደረገን ሙከራ እንዳያምኑ የምመክርዎ በዚህ ምክንያት ነው።

መዓዛማ ዘይት ተናኝ ነው። በላላ ከረጢት ውስጥ በሙቀት ቦታ የከረመ ድብልቅ መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉን ያጣል፤ አንድ ጊዜ ከመጋዘን ያወጣሁትን የጦስኝ ዱቄት በመዳፌ አሽቼ ባሸተው ከድርቆሽ ሽታ በቀር ምንም አላገኘሁበትም። ስለዚህ የሚገዙት በስብ ወይም በሌላ ልባስ የተሸፈነ ምርት ቢሆን ይመረጣል፤ ካልሆነም በትንሽ በትንሹ እየገዙ በጥብቅ በሚዘጋ ዕቃ፣ ቀዝቀዝ ባለና ጨለማ በሆነ ቦታ ያስቀምጡት። ድብልቁም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለ40 ወይፈን በነፍስ ወከፍ 1 ግራም ቢሰጡ የዕለቱ ጠቅላላ መጠን 40 ግራም ብቻ ነው፤ ይህን በቀጥታ በ200 ኪሎ የተመጣጠነ መኖ ላይ ቢበትኑት አንዱ ወይፈን አምስት እጥፍ፣ ሌላው ምንም ያገኛል። መጀመሪያ በ1 ኪሎ ደቃቅ ፉሩሽካ አዋሕደው በእጅዎ እያሹ እኩል እስኪሆን ያዳርሱት፤ ያንን በ10 ኪሎ ፉሩሽካ ይደባልቁት፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዋናው መኖ መግባት ያለበት።

ነጭ ሽንኩርት ሲቀጠቀጥ የሚፈጠረው አሊሲን በቤተ ሙከራ ሚቴን አምራች የሆኑትን ሕዋሳት ይጫናል፤ ሆኖም አሊሲን በራሱ ቶሎ የሚፈርስ ነገር ነው፤ በሙቀት የደረቀ ዱቄትም ከመነሻው ጥቂት ብቻ ይዞ ሊቀር ይችላል፤ በከብት ላይ የተደረጉት ሙከራዎችም ወጥ ውጤት አላሳዩም። ሁለት ጥንቃቄዎችን ጨምሬ ልንገርዎ። የሽንኩርት ቤተሰብ በብዛት ሲሰጥ በውስጡ ያሉት የድኝ ውሑዶች የከብትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ከእንስሳት መካከል ከብት ለዚህ ጉዳት በጣም ከሚጋለጡት አንዱ ነው። ስለዚህ ከገበያ የተረፈ ቀይ ሽንኩርት በርካሽ አገኘሁ ብለው ገንዳ እንዳይሞሉበት አደራ፤ ሽንቱ የቀላ፣ ድዱና የዓይኑ ውስጥ የነጣ ከብት ካዩ ወዲያውኑ አቁመው ሐኪም ይጥሩ። ሁለተኛው የሽታ ጉዳይ ነው፤ እስከ ዕርድ ቀን ድረስ መስጠት ሥጋው ላይ ሽታ የመተው ዕድል ስላለው፣ ከተጠቀሙበት የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ያለ እርሱ ያሳልፉ።

አብሽ የሚታወቅበት ዋናው ውሑድ ሳፖኒን ነው፤ ዩካና ኪላጃ የተባሉት ተክሎች፣ እንዲሁም የሻይ ፍሬ በዚሁ ይታወቃሉ። ሳፖኒን በፕሮቶዞአ ሽፋን ላይ ያለውን ኮሌስትሮል ይዞ ሽፋኑን ይበሳዋል። ፕሮቶዞአ ባክቴሪያዎችን እየዋጠ የሚኖር በመሆኑ ቁጥሩ ሲቀንስ ወደ አንጀት የሚያልፈው የባክቴሪያ ፕሮቲን ይበዛል። ችግሩ የጨጓራ ባክቴሪያዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሳፖኒኑ ጋር የተያያዘውን ስኳር ቆርጠው ሥራውን ማፍረስ መልመዳቸው ነው። አብሽን እንደ ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ አድርጌ አየዋለሁ፤ እንደ ሞነንሲን ምትክ ግን አልመክርዎትም።

እርስዎ ያላነሡት፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ እንዲያስቡበት የምፈልገው ታኒን የተባለው የዕፅዋት ውሑድ ነው። የእርስዎ መኖ ፕሮቲኑን የሚያገኘው ከፋጉሎ ከሆነ፣ የዚያ ፕሮቲን ትልቁ ክፍል በጨጓራ ውስጥ ወደ አሞኒያ ተለውጦ በጉበት በኩል ዩሪያ ሆኖ በሽንት ይወጣል፤ በጋጣው ውስጥ ጠዋት ጠዋት ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ የከፈሉበት ፕሮቲን ሽታ ነው። ታኒን ፒኤቹ ከ6 እስከ 7 በሆነው ጨጓራ ውስጥ ከፕሮቲኑ ጋር ተጣብቆ ከባክቴሪያዎች ይከልለዋል፤ ፒኤቹ ከ3.5 በታች ወደሆነው አራተኛው ጨጓራ ሲደርስ ደግሞ ይለቀዋል፤ ፕሮቲኑም በአንጀት ተፈጭቶ ለሥጋ ይውላል። በተጨማሪም ታኒን ያላቸው ጥራጥሬ መኖዎች ከብትን እንደ አልፋልፋ አይነፉም፤ በጨጓራው ውስጥ አረፋ የሚያበጀውን ፕሮቲን ታኒኑ ስለሚይዘው ነው። ናይትሮጂኑም ከሽንት ይልቅ በእበት በኩል ስለሚወጣ የጋጣው አየር ይሻላል። ነገር ግን መጠኑ ወሳኝ ነው። ኮንደንስድ የሚባለው የታኒን ዓይነት በአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ ከ20 እስከ 40 ግራም ሲሆን ብዙውን ጊዜ ይጠቅማል፤ ከ50 ግራም ሲያልፍ የመኖ ፍላጎትንም መፈጨትንም ይቀንሳል። ከኬብራቾ ዛፍ ግንድ ወይም ከአካሻ (ግራር) ቅርፊት የተመረተ ደረቅ ጭማቂ ሲገዙ በዝቅተኛው መጠን፣ በኪሎ ደረቅ መኖ ከ5 እስከ 10 ግራም፣ መጀመር ይሻላል። በሌላው የታኒን ዓይነት፣ በውኃ ተበትኖ በሚፈርሰው፣ ግን ይጠንቀቁ፤ በብዛት ሲበላ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ከብት የኦክ ዛፍ ቅጠልና ፍሬ በልቶ የሚሞተው በዚህ ነው። ምን ዓይነት ታኒን እንደሆነ የማይታወቅ ቅጠል ለቅሞ ማብላት አይገባም። የመኖው ፕሮቲን ከመነሻው ያነሰ ከሆነም ታኒን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም፤ የሚተርፍ በሌለበት የሚቆጠብ የለምና።

ስለ ሚቴን የሚነገረው ዜና ስለሚደርስዎ አንድ ነገር ልጨምር። አስፓራጎፕሲስ የተባለው ቀይ የባሕር አልጌ ብሮሞፎርም በተባለ ውሑዱ ሚቴንን እጅግ በከፍተኛ መጠን እንደሚቀንስ በድልብ ከብት ላይ ታይቷል። ሆኖም የሚቴን መቀነስ ሁሉ ወደ ክብደት አይለወጥም፤ የሥጋ ተረካቢዎ የሚከፍልዎ በኪሎ ከሆነ ይህ ለእርስዎ የዛሬ ጉዳይ አይደለም።

አሁን ተክል ወደማይሞላው ጉድለት እንምጣ። ሞነንሲን ሲወጣ በጣም የምሠጋው ስለ ዕድገቱ ሳይሆን ስለ አሲድ መብዛት ነው፤ ከብቱን በትንሽ በትንሹ እንዲበላ የሚያደርገው ልጓም ይወልቃል። ከበርበሬ የሚወጣው ካፕሳይሲን እህል በሚበሉ ጊደሮች ላይ ውኃ መጠጣትንና መኖ መብላትን እንዳበረታታ ታይቷል፤ ለገቡበት ጋጣ ላልለመዱ አዲስ ከብቶች ሊረዳ ይችላል፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን ስህተት የሆነን የመኖ አሰጣጥ አያቃናም። ከድርቆሽ ወደ እህል የሚሸጋገሩበትን ጊዜ ቢያንስ 21 ቀን ያድርጉት፤ በየ4 ወይም 5 ቀኑ የእህሉን ድርሻ በጥቂቱ ከፍ ያድርጉ፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይመግቡ፤ ገንዳው ለብዙ ሰዓት ባዶ ሆኖ ከቆየ በኋላ የተራበ ከብት ፊት እህል አይቁለሉ። ገለባውን ደግሞ እንደ ዱቄት አያልሙት፤ ምራቅ የሚያመነጨው ማመስኳት ነው፣ አሲዱን የሚያበርደውም ያ ምራቅ ነው። ከተመገቡ ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በኋላ በጋጣው ዳር ቆመው ይቁጠሩ፤ ተኝተው ካረፉት መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሲያመሰኩ ካላዩ አንድ ነገር ጎድሏል። እበቱንም ይመልከቱ፤ ግራጫ፣ አረፋ ያለውና ቀጥ ብሎ የሚፈስ ከሆነ የእህሉን ድርሻ አንድ ደረጃ ይመልሱ። ለኮክሲዲያም መከላከያው ደረቅ መኝታ፣ እበት የማይነካው ውኃና ያልተጨናነቀ ጋጣ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካዩ ለዕፅዋት ዱቄት ጊዜ ሳይሰጡ ሐኪም ያሳዩ።

አንዱን ምርት ለመሞከር ከወሰኑ ወይፈኖቹን በክብደት እያመሳሰሉ ሃያ ሃያ አድርገው ይክፈሏቸው፤ ያው መኖ፣ ያው ሰው፣ ያው ሰዓት፤ ልዩነቱ ጭማሪው ብቻ ይሁን። ወይፈኑ በቀን 1.2 ኪሎ የሚጨምር ቢሆንና ጭማሪው በእውነት 5 በመቶ ቢያሻሽለው ልዩነቱ በቀን 60 ግራም፣ በ70 ቀን 4.2 ኪሎ ነው። አንድ ወይፈን በአንድ ጊዜ የሚጠጣው ውኃ ብቻ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ሲገቡም ሲወጡም በሁለት ተከታታይ ጠዋቶች፣ መኖና ውኃ ሳይቀምሱ መዝነው አማካዩን ይያዙ፤ ከገንዳው የተረፈውንም በየቀኑ መዝነው ይመዝግቡ፤ በክብደት ላይ የማይታይ ልዩነት ብዙ ጊዜ በተበላው መኖ ላይ ይታያልና። እንዲህም ሆኖ በአንድ ዙር የተገኘ ትንሽ ልዩነት አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር ቡድኖቹን እያቀያየሩ ቢደግሙት እምነት የሚጣልበት ይሆናል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የእህል ሽግግሩን አስተካክል ነበር፤ ቀጥሎ ታኒንን በዝቅተኛ መጠን፣ ከዚያ በኋላ በተናጠል ልባስ ያለውን የቀረፋና የቅርንፉድ ወይም የጦስኝ ዘይት በነፍስ ወከፍ በቀን 1 ግራም እፈትን ነበር። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከጨመሩ የትኛው እንደሠራ መቼም አያውቁም።

ከሻጩ ደግሞ የተክሉን ስም ብቻ ሳይሆን በአንድ ኪሎ ምርት ውስጥ ያለውን የዋናውን ንጥረ ነገር መጠን የሚያሳይ የምርመራ ወረቀት ይጠይቁ። የጦስኝ ቲሞል እንደ ዝርያው፣ እንደ አፈሩና እንደ አጨዳው ጊዜ በጣም ስለሚለያይ፣ «ንጹሕ ጦስኝ» የሚል ጽሑፍ ስለ መጠኑ ምንም አይናገርም። ተረካቢዎንም በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ክልከላው ሞነንሲን የሚመደብበትን አዮኖፎር የተባለውን ክፍል ይጨምራል ወይስ በሰው ሕክምና የሚያገለግሉትን መድኃኒቶች ብቻ ነው የሚመለከተው? አዮኖፎር ለሰው ሕክምና አይውልም፤ አንዳንድ ገዢዎችም ይህን ይለያሉ። የአውሮፓ ኅብረት ግን ሞነንሲንን ጨምሮ ለዕድገት የሚሰጡ አንቲባዮቲኮችን ከጥር 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለከብት ከልክሏል፤ ሥጋው ወደዚያ የሚሄድ ከሆነ ጥያቄው ከመነሻው የተዘጋ ነው።

በመጨረሻም በመጋዘንዎ የቀረ ሞነንሲን ካለ እባክዎ ዛሬውኑ ለይተው ይቆልፉበት። ከብት በደኅና የሚችለው መጠን ፈረስን ይገድላል፤ ለፈረስ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም የሚሆነው ብቻ ልቡን አጥፍቶ ለሞት ያደርሳል፤ አህያና በቅሎም ፈጽሞ ሊቀምሱት አይገባም። መደባለቂያውን፣ አካፋውንና ገንዳውን አጥበው፣ የመጀመሪያውን ዙር ንጹሕ ፉሩሽካ አሳልፈውበት ያንን ፉሩሽካ ይቅበሩ። ይህን ሳያደርጉ በዚያው መደባለቂያ አዲሱን መኖ ቢያዘጋጁ፣ ተረካቢዎ ናሙና ወስዶ በሚመረምርበት ቀን ያቆሙት ሞነንሲን በመኖዎ ውስጥ ተገኝቶ ያሳፍርዎታል።